ዝቅተኛ የፎድማፕ አመጋገብና የኢትዮጵያ የቤት ምግብ፦ ጣዕምን ሳያጡ አንጀትን ማሳረፍ

መግቢያ

በተመላላሽ ሕክምና ክፍሎች በየዕለቱ ከሚሰሙት ስሞታዎች መካከል የሆድ መነፋት፣ ቁርጠት፣ የሆድ መጮህ እንዲሁም የተቅማጥና የሆድ ድርቀት መፈራረቅ ጉልህ ሥፍራ ይይዛሉ። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ሕመም የሚሰማው ሰው ብዙውን ጊዜ «ጨጓራ አለብኝ» ብሎ ይቀርባል። ከዚያ በፊት የአሲድ መቀነሻ፣ የጥገኛ ተሕዋስያን ማጥፊያና የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶችን በተደጋጋሚ ወስዶ ዘላቂ ለውጥ ያላገኘ ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ ታካሚዎች የተወሰኑት ችግራቸው ከጨጓራ ሳይሆን ከአንጀት የሚነሣ ነው። ይኸውም በሕክምናው ዓለም ኢሪተብል ባወል ሲንድሮም በሚል ስያሜ የሚታወቀውና በዚህ ጽሑፍ የቁጡ አንጀት ሕመም ተብሎ የሚጠራው ነው።

ለዚህ ሕመም ከሚሰጡ የአመጋገብ ምክሮች መካከል ባለፉት ሃያ ዓመታት ሰፊ ተቀባይነት ያገኘው ዝቅተኛ የፎድማፕ አመጋገብ ነው። ይሁንና በየሀገሩ የሚሠራጩት የምግብ ዝርዝሮች አብዛኛዎቹ የተዘጋጁት ለሌላ ወጥ ቤት ነው። ቁሌቱ ሽንኩርት፣ ማባያው ሽሮ፣ የጾም ምግቡ ጥራጥሬ ለሆነ ቤተሰብ «ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ምስርና ሽምብራ አይብሉ» ብሎ መናገር ምግብ አይብሉ ከማለት ብዙም አይለይም። እንዲህ ያለ ምክር የተሰጠው ታካሚ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ በሳምንቱ ይተወዋል፣ ወይም ደረቅ ሩዝና ድንች ብቻ እየበላ ክብደቱን ይቀንሳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአመጋገቡን መሠረተ ሐሳብ በአጭሩ ማስረዳትና የጤና ባለሙያው ለታካሚው ከቤቱ ምግብ የሚነሣ፣ ጣዕም ያለውና ሊፈጸም የሚችል ምክር እንዲሰጥ ማገዝ ነው።

ፎድማፕ ምንድን ነው?

ፎድማፕ በአንጀት ውስጥ በሙሉ የማይመጠጡና በትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎች በቀላሉ የሚብላሉ አጫጭር ሰንሰለት ያላቸው ካርቦሃይድሬቶች የወል ስም ነው። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ2005 ያስተዋወቁት በአውስትራሊያ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፒተር ጊብሰንና ሱዛን ሼፐርድ ናቸው። በዚህ ስም ሥር የሚጠቃለሉት የሚከተሉት ናቸው።

1. ፍሩክታኖች፦ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በስንዴና በገብስ ይገኛሉ።
2. ጋላክቶ-ኦሊጎሳካራይዶች፦ በምስር፣ በሽምብራ፣ በአተር፣ በባቄላና በቦሎቄ ይገኛሉ።
3. ላክቶስ፦ በወተትና ባልበሰለ የወተት ተዋጽኦ፣ በተለይም በትኩስ ወተት ውስጥ ይገኛል።
4. ከግሉኮስ የበለጠ መጠን ያለው ፍሩክቶስ፦ በማር፣ በማንጎ፣ በፖምና በሐብሐብ ይገኛል።
5. ፖሊዮሎች፦ እንደ ሶርቢቶልና ማኒቶል ያሉ የስኳር አልኮሎች ሲሆኑ በፖም፣ በአበባ ጎመን፣ በተለመደው እንጉዳይና ስኳር የለሽ በሚባሉ ማስቲካዎች ይገኛሉ።

የሰው ልጅ አንጀት ፍሩክታኖችንና ጋላክቶ-ኦሊጎሳካራይዶችን የሚሰባብር ኢንዛይም የለውም። ስለሆነም እነዚህ በማንኛውም ጤናማ ሰው ዘንድ ሳይፈጩ ትልቁ አንጀት ይደርሳሉ። ላክቶስ ግን ላክቴዝ የተባለው ኢንዛይም በበቂ መጠን ባላቸው ሰዎች ዘንድ በሚገባ ይፈጫል። ስለዚህ ወተትን መቀነስ የሚያስፈልገው ለሁሉም ሳይሆን ላክቶስን ለማይፈጩት ብቻ ነው።

ሕመሙ እንዴት ይፈጠራል?

ፎድማፖች በሁለት መንገድ ይሠራሉ። የመጀመሪያው ውኃን ወደ ትንሹ አንጀት መሳብ ሲሆን ሁለተኛው በትልቁ አንጀት ውስጥ ተብላልቶ ጋዝ መፍጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በእንግሊዝ ሀገር ኖቲንግሃም በጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ላይ በማግኔቲክ ሬዞናንስ ምስል የተደረገ ጥናት ይህን ልዩነት በግልጽ አሳይቷል። ፍሩክቶስ በትንሹ አንጀት ያለውን ውኃ ሲጨምር፣ ኢኑሊን የተባለው ፍሩክታን ደግሞ በትልቁ አንጀት ያለውን ጋዝ ጨምሯል።

እዚህ ላይ ሊሠመርበት የሚገባው ነጥብ ጋዝ መፈጠሩ በራሱ በሽታ አለመሆኑ ነው። ጤነኛ ሰው ሽሮ በልቶ ሆዱ ትንሽ ቢነፋ ሥራውን ይቀጥላል። የቁጡ አንጀት ሕመም ያለበት ሰው ግን የአንጀቱ ነርቮች ለመወጠር ያላቸው ስሜት ከፍ ያለ በመሆኑ ተመሳሳይ መጠን ያለው ጋዝና ውኃ ሕመም ይፈጥርበታል። ስለዚህ ምግቡ የሕመሙ ቀስቃሽ እንጂ የበሽታው መንሥኤ አይደለም። ለታካሚው «ሽሮ መርዝ ነው» ሳይሆን «አንጀትዎ ለሽሮ ያለው ትዕግሥት አነስተኛ ነው» ቢባል ትክክል ከመሆኑም በላይ የምግብ ፍርሃትን ይከላከላል።

የአመጋገቡ ጠቀሜታ በጥናት የተደገፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በአውስትራሊያ 30 ታካሚዎችን ይዞ የተካሄደ ጥናት እያንዳንዱ ታካሚ ለ21 ቀናት ዝቅተኛ የፎድማፕ ምግብ፣ ለ21 ቀናት ደግሞ የተለመደውን ምግብ እንዲመገብ አድርጓል። በመቶ በሚለካው የሕመም መለኪያ አማካዩ ውጤት በዝቅተኛው ምግብ ጊዜ 22.8፣ በተለመደው ጊዜ ግን 44.9 ሆኖ ተገኝቷል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2015 በስዊድን 75 ታካሚዎችን ያካተተ ጥናት ዝቅተኛውን የፎድማፕ አመጋገብ ከተለመደው የአመጋገብ ምክር ጋር ሲያነጻጽር ከፍተኛ ልዩነት አላገኘም፤ ለውጥ ያሳዩት በቅደም ተከተል 50 በመቶና 46 በመቶ ነበሩ። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ አመጋገቡ ለተወሰነ ጊዜ እንዲሞከር ሲመክር፣ በዚያው ዓመት የወጣው የእንግሊዝ መመሪያ በሁለተኛ ደረጃ አስቀምጦታል።

ከእነዚህ ግኝቶች ለዕለት ሥራ የሚጠቅመው ትምህርት ግልጽ ነው። በመጀመሪያ ቀላሉ ምክር ይሰጣል፤ ይኸውም በሰዓቱ መመገብ፣ አላምጦ ቀስ ብሎ መብላት፣ ቡናና ሻይን በቀን ከሦስት ስኒ አለማብዛት፣ አልኮልን፣ ለስላሳ መጠጦችንና ቅባት የበዛበትን ምግብ መቀነስ ነው። ወደ ፎድማፕ የሚታለፈው ይህ በቂ ሳይሆን ሲቀር ነው።

ከአመጋገብ ለውጥ በፊት መደረግ ያለበት

እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው አራተኛው የሮም መስፈርት መሠረት የቁጡ አንጀት ሕመም የሚባለው ባለፉት ሦስት ወራት በአማካይ በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን የሚመላለስ የሆድ ሕመም ኖሮ፣ ሕመሙ ከመጸዳዳት፣ ከሰገራ ድግግሞሽ ለውጥ ወይም ከሰገራ መልክ ለውጥ መካከል ቢያንስ ከሁለቱ ጋር ሲያያዝ ነው። የሕመሙ ጅማሬም ከምርመራው ቢያንስ ስድስት ወር የቀደመ መሆን አለበት።

ጃርዲያ፣ አሜባና ሌሎች ጥገኛ ተሕዋስያን፣ እንዲሁም የሆድ ዕቃ ቲቢ በሚታዩበት አካባቢ ግን መስፈርቱን ብቻ ተማምኖ ወደ ምግብ ምክር መግባት አይገባም። በተለይ የሚከተሉት ምልክቶች የታዩበት ታካሚ አስቀድሞ መመርመር ይኖርበታል፦ ያለምክንያት ክብደት መቀነስ፣ በሰገራ ደም መታየት፣ የደም ማነስ፣ ትኩሳት፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የሌሊት ተቅማጥ፣ በሆድ ውስጥ የሚዳሰስ እብጠት፣ በቤተሰብ የአንጀት ካንሰር መኖርና ሕመሙ በዕድሜ ከገፉ በኋላ አዲስ የጀመረ መሆኑ ናቸው። ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሴቶች አዲስና የማያቋርጥ የሆድ መነፋት ሲኖራቸው የእንቁላል እጢ ካንሰር መታሰብ አለበት።

ሴሊያክ የተባለው በሽታ ከተጠረጠረ የደም ምርመራው መደረግ ያለበት ታካሚው ስንዴና ገብስ እየተመገበ ሳለ ነው። ስንዴን ካስቀሩ በኋላ የሚደረግ ምርመራ በሽታው እያለ የለም ሊል ይችላል።

ሦስቱ ደረጃዎች

ዝቅተኛ የፎድማፕ አመጋገብ የዕድሜ ልክ ክልከላ ሳይሆን ሦስት ደረጃ ያለው ፈተና ነው።

የመጀመሪያው የመቀነስ ደረጃ ሲሆን ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያል። በዚህ ጊዜ ከፍተኛ ፎድማፕ ያላቸው ምግቦች በሌሎች ይተካሉ። ለውጥ ካልታየ አመጋገቡ ይቆማል፤ ባልረዳ ነገር ታካሚውን ማስቸገር አይገባም።

ሁለተኛው የመመለስ ደረጃ ነው። እያንዳንዱ ዓይነት ለየብቻ፣ መጠኑ ለሦስት ቀናት ቀስ በቀስ እየጨመረ ይሞከራል። ለምሳሌ ለላክቶስ ወተት፣ ለፍሩክቶስ ማር፣ ለማኒቶል አበባ ጎመን፣ ለጋላክቶ-ኦሊጎሳካራይድ ሽምብራ ይሰጣል። ፍሩክታን ግን በስንዴ ዳቦ፣ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ለየብቻ መሞከር አለበት፤ ዳቦን የሚችል ነጭ ሽንኩርትን ላይችል ይችላልና። በሙከራዎቹ መካከል ሁለት ወይም ሦስት የዕረፍት ቀናት ይደረጋሉ።

ሦስተኛው ለግለሰቡ የተስማማውን አመጋገብ የማደራጀት ደረጃ ነው። ታካሚው የተስማሙትን ምግቦች ሁሉ ይመልሳል፤ የማይስማሙትን ብቻ በሚችለው መጠን ይወስናል።

በሥራ ላይ በብዛት የሚታየው ስሕተት ታካሚው በመጀመሪያው ደረጃ ላይ እንዲቀር መተው ነው። ክልከላው ሲራዘም ቢፊዶባክቴሪያ የተባሉት ጠቃሚ የአንጀት ባክቴሪያዎች ቁጥር እንደሚቀንስ ታይቷል፤ የአሠርና የካልሲየም ምንጮችም ይጠባሉ። ስለሆነም የመጀመሪያው ምክር በተሰጠበት ዕለት የሁለተኛው ቀጠሮ ቀን አብሮ ሊቆረጥ ይገባል።

የቁሌቱ ጥያቄ

በኢትዮጵያ ወጥ ቤት ትልቁ ፈተና ሽንኩርት ነው። ቀይ ወጥም ሆነ አልጫ፣ ጥብስም ሆነ ሽሮ የሚጀምረው ከቁሌት ነው። ሽንኩርቱ ለወጡ ሦስት ነገር ይሰጣል፤ መዓዛ፣ ጣፋጭነትና ውፍረት። ምክር የሚሰጥ ባለሙያ እነዚህን ሦስቱን ለየብቻ የሚተካ መንገድ ካላሳየ ወጡ ውኃ ውኃ ይላል፤ ታካሚውም ተስፋ ይቆርጣል።

አስቀድሞ ሁለት የተለመዱ የተሳሳቱ ግምቶች መታረም አለባቸው። አንደኛው ሽንኩርቱ ለረጅም ሰዓት ከተቁላላ ጉዳቱ ይጠፋል የሚለው ነው። በድስት ውስጥ የሚደረግ የተለመደ ማብሰል ፍሩክታንን ሊታመኑበት በሚችሉበት መጠን አያጠፋውም። ሁለተኛው ሽንኩርቱን ከወጡ እየለቀሙ መተው ይበቃል የሚለው ነው። ፍሩክታን በውኃ የሚሟሟ በመሆኑ ሽንኩርቱ ቢወጣም በመረቁ ውስጥ ይቀራል።

መፍትሔውም የሚገኘው ከዚሁ ጠባይ ነው። ፍሩክታን በውኃ ቢሟሟም በዘይት አይሟሟም፤ የሽንኩርትና የነጭ ሽንኩርት መዓዛ ግን ወደ ዘይት ይገባል። በመሆኑም ነጭ ሽንኩርቱን ሳይደቁሱ፣ በትልልቁ ከፍለው በዘይት ብቻ ለብ ባለ እሳት ጥቂት ደቂቃ ካቆዩት በኋላ ሙሉ በሙሉ አውጥተው ቢጥሉት መዓዛው በዘይቱ ይቀራል። ውኃ፣ ቲማቲም ወይም ሥጋ የሚጨመረው ሽንኩርቱ ከወጣ በኋላ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ዘይት ለዕለቱ ማብሰያ ብቻ መዘጋጀት አለበት። ነጭ ሽንኩርት የገባበትን ዘይት ከማቀዝቀዣ ውጪ ማቆየት ለቦቱሊዝም መርዝ አመቺ ሁኔታ ይፈጥራል።

ሁለተኛው የመዓዛ ምንጭ የባሮ ሽንኩርት አረንጓዴ ቅጠልና የለጋ ሽንኩርት አረንጓዴ ክፍል ነው። ፍሩክታን የሚከማቸው በነጩ ክፍል በመሆኑ አረንጓዴው ተከትፎ በቁሌቱ ምትክ ሊገባ ይችላል። ጣፋጭነቱን በደቃቁ የተፈቀፈቀ ካሮት፣ ውፍረቱን ደግሞ የተፈቀፈቀ ድንች ይተካሉ። ሁለቱ በቅቤ ወይም በዘይት እስኪሟሙ ቀስ ብለው ሲቁላሉ የወጡን ሰውነት ይመልሳሉ። ጥቂት ቲማቲም ደግሞ ጎምዘዝ ያለ ጣዕም ይጨምራል።

የቅመማ ቅመም ሀብት

የኢትዮጵያ ወጥ ቤት ከሌሎች ይልቅ ለዚህ አመጋገብ የሚመችበት አንድ ትልቅ ምክንያት አለው፤ ይኸውም የቅመሙ ብዛት ነው። ዝንጅብል፣ እርድ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ድንብላል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጥምዝ፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ጦስኝና የጥብስ ቅጠል በማጣፈጫ መጠን ሲገቡ የሚጨምሩት ፎድማፕ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። አብዛኛው የቅመም መዓዛ በቅባት ስለሚወጣ፣ ሽንኩርት የሌለበት ወጥ ላይ ቅመሙን በመጀመሪያ በዘይት ወይም በቅቤ ማሸት፣ ሲወርድ ደግሞ መከለሻ መነስነስ ጉድለቱን በእጅጉ ይሸፍናል።

ጥንቃቄ የሚሻው የተዘጋጀ ቅመም ነው። በርበሬ በሚዘጋጅበት ጊዜ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት አብሮ የሚደለዝ በመሆኑ የገበያ በርበሬ ደህና ነው ተብሎ መወሰድ የለበትም። ዛላው በርበሬ ደርቆ ከዝንጅብል፣ ከኮረሪማ፣ ከአዝሙድ፣ ከበሶብላና ከጨው ጋር ያለ ሽንኩርት ለብቻው ቢፈጭ ለታካሚው የሚሆን በርበሬ ይገኛል። ሚጥሚጣ በአብዛኛው ከጥሚጣ በርበሬ፣ ከኮረሪማና ከጨው ስለሚሠራ የተሻለ ነው፤ አዘገጃጀቱን መጠየቅ ግን አይከፋም። የሽሮ ዱቄት፣ አዋዜና የገበያ የሾርባ ቅመሞችም ብዙ ጊዜ ነጭ ሽንኩርት ይይዛሉ።

የሚያቃጥለው በርበሬ ራሱ ፎድማፕ አይደለም። ይሁንና ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገሩ የአንጀትን የሕመም ነርቮች ስለሚነካ በቁጡ አንጀት ላይ ለብቻው ሕመም ሊቀሰቅስ ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አልጫ ቢመረጥ፣ በርበሬውም በኋላ በጥቂቱ ቢሞከር ውጤቱን ለመለየት ይቀላል።

የተነጠረ ቅቤ ላክቶስ የለውም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ለጋ ቅቤ ውኃ ያለው በመሆኑ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ተጨምሮበት ሲነጠር ፍሩክታን ወደ ውኃው ሊገባ ይችላል። የተሻለው መንገድ ያለ ሽንኩርት፣ በኮረሪማ፣ በኮሰረት፣ በበሶብላና በእርድ ብቻ ማንጠር ነው።

እንጀራና ሌሎች እህሎች

ጤፍ ግሉተን የለውም። ይሁን እንጂ ግሉተን ፕሮቲን እንጂ ፎድማፕ ስላልሆነ «ግሉተን የለውም» ማለትና «ፎድማፕ የለውም» ማለት የተለያዩ መሆናቸውን ባለሙያው መለየት አለበት። ስንዴና ገብስ የሚቀነሱት በፍሩክታናቸው ምክንያት ነው። በዚህ አመጋገብ የጤፍ እንጀራ ከስንዴ ዳቦና ከገብስ ምግቦች ይልቅ ይመረጣል፤ በቆሎ፣ ማሽላና ሩዝም ዝቅተኛ ፎድማፕ ያላቸው እህሎች ናቸው።

ጥያቄው እንጀራው ከምን ተሠራ የሚለው ነው። በዋጋ ምክንያት ጤፍ ከገብስ ወይም ከስንዴ ጋር ሊቀላቀል ይችላል፤ በአሜሪካና በአውሮፓ በሚገኙ ኢትዮጵያውያን ዘንድም የስንዴ ዱቄት የተጨመረበት እንጀራ የተለመደ ነው። ጤፉን ማብዛት ለማይችል ቤተሰብ ከገብስና ከስንዴ ይልቅ ማሽላ፣ በቆሎ ወይም ሩዝ እንዲቀላቅል መምከር ወጪ የማይጨምር መፍትሔ ነው። ገንፎም ከገብስ ይልቅ ከበቆሎ ዱቄት ሊሠራ ይችላል። ቂንጬ ከስንዴ ይልቅ ከአጃ፣ በመጠኑ ቢዘጋጅ ይሻላል። በሶና የገብስ ቆሎ ግን በመጀመሪያው ደረጃ ይቆያሉ።

ጥራጥሬና ጾም

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምዕመናን ረቡዕና ዓርብን፣ ከዚህም ሌላ 55 ቀን የሚፈጀውን ዐቢይ ጾምና ሌሎች አጽዋማትን ሲጾሙ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይርቃሉ። በዚህ ወቅት የፕሮቲን ምንጫቸው በዋናነት ጥራጥሬ ነው። ስለዚህ ሕመሙ በጾምና በፍስክ ይለያይ እንደሆነ መጠየቅ ራሱን የቻለ የምርመራ ፍንጭ ነው። በጾም የሚብስበት ታካሚ ጥራጥሬን፣ በፍስክ የሚብስበት ደግሞ ወተትን ወይም ቅባትን ያመለክታል።

የመቀነሱን ደረጃ ከተቻለ ከረጅም ጾም ውጪ መጀመር ይመረጣል። ታካሚው መጾሙን መተው የማይፈልግ ከሆነ ምክሩ ከጾሙ ጋር መስማማት አለበት። ጋላክቶ-ኦሊጎሳካራይድም በውኃ የሚሟሟ በመሆኑ ጥራጥሬን ዘፍዝፎ ማሳደር፣ የዘፈዘፉበትን ውኃ መድፋት፣ ቀቅሎ የተቀቀለበትንም ውኃ መድፋት መጠኑን ይቀንሳል። በዚህ መንገድ የተዘጋጀ ምስር ወይም ሽምብራ በአንድ ገበታ እስከ ሩብ ኩባያ ሊሞከር ይችላል። በቆልት ማብቀልም ይረዳል፤ ዘሩ ሲበቅል እነዚህን ስኳሮች ለራሱ ይጠቀምባቸዋልና። ሽሮ ግን ዱቄቱ ከነውኃው ስለሚበላ የሚደፋ ነገር የለውም። ሽሮ ለመጀመሪያ ሳምንታት ይቆይ፣ በሁለተኛው ደረጃ በጥቂት ማንኪያ ይሞከር መባሉ ተገቢ ነው።

በጾም ጊዜ ኦቾሎኒና ሰሊጥ የፕሮቲንና የጉልበት ምንጭ ይሆናሉ። በተፈጨ ኦቾሎኒ የወፈረ የአትክልት ወጥ ከሩዝ ወይም ከእንጀራ ጋር ያጠግባል። በውጭ ሀገር የሚኖሩ ታካሚዎች ጠንካራውን የአኩሪ አተር አይብ፣ ማለትም ቶፉን፣ ማግኘት ይችላሉ።

አትክልት፣ ፍራፍሬና ወተት

ካሮት፣ ድንች፣ ቆስጣ፣ ጎመን፣ ሰላጣና በመጠኑ ፎሶሊያ፣ ዝኩኒ፣ ቲማቲምና ጥቅል ጎመን ሊበሉ ይችላሉ። ቀይ ሥርና አበባ ጎመን በብዛት ሲበሉ ያስቸግራሉ። ከፍራፍሬ ብርቱካን፣ ፓፓያ፣ አናናስና ጠንከር ያለ ሙዝ ይመረጣሉ፤ በጣም የበሰለ ሙዝ ፍሩክታኑ ይጨምራል። ማንጎ፣ ሐብሐብ፣ ፖምና ብዙ አቮካዶ ይቆያሉ። የተፈቀዱትንም ቢሆን በአንድ ጊዜ አብዝቶ መብላት መጠኑን ስለሚደምር ሕመም ሊያስነሣ ይችላል።

ሥጋ፣ ዶሮ፣ ዓሣና እንቁላል ፎድማፕ የላቸውም። ክትፎ በሚጥሚጣና ያለ ሽንኩርት በተነጠረ ቅቤ ሲሠራ ለዚህ አመጋገብ የሚስማማ ነው፤ ሆኖም የኮሶ ትልን ለመከላከል በሚገባ መብሰል፣ ቅባቱም መመጠን አለበት። አይብ በመጠኑ ይቻላል፤ እርጎ ከትኩስ ወተት ያነሰ ላክቶስ ቢኖረውም ከላክቶስ ነጻ አይደለም።

ናሙና፦ ያለ ሽንኩርት የሚሠራ የሥጋ አልጫ

ለአራት ሰው ግማሽ ኪሎ ሥጋ፣ ሁለት ካሮት፣ አንድ መካከለኛ ድንች፣ ግማሽ ኩባያ የተከተፈ የባሮ ሽንኩርት አረንጓዴ ቅጠል፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ ወይም ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተደቆሰ ዝንጅብል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እርድና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ ይበቃል። ቅቤው ሲሞቅ ዝንጅብሉና እርዱ ለአንድ ደቂቃ ይታሻሉ። የተፈቀፈቀው ካሮትና ድንች ተጨምሮ ጠብ ጠብ በሚል ውኃ እየታገዘ እስኪሟሟ ይቁላላል። ሥጋው ገብቶ ከተገላበጠ በኋላ የፈላ ውኃ ተጨምሮ በለስላሳ እሳት ይበስላል። ሊወርድ ሲል የባሮ ሽንኩርቱ ቅጠል፣ ኮረሪማው፣ ጨውና ቃሪያ ለሚችል ቃሪያ ይገባል። ለቤተሰቡ ሽንኩርት ካስፈለገ የታካሚው ድርሻ አስቀድሞ ተቀንሶ፣ በሌላ ድስት የተቁላላ ሽንኩርት ለቀረው ይጨመራል። በዚህ መንገድ ታካሚው ከገበታ ሳይለይ፣ እናትም ሁለት ወጥ ለመሥራት ሳትገደድ ቤቱ ይመገባል። የጋራ ገበታ ላይ የታካሚው ወጥ በራሱ በኩል ቢወጣና ቤተሰቡ ስለ ጉርሻው አስቀድሞ ቢነገረው መልካም ነው።

ለማን አይመከርም?

በምግብ እጥረት የተጎዱ፣ ክብደታቸው የቀነሰ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናት፣ አቅመ ደካማ አረጋውያንና ከምግብ ጋር የተያያዘ የሥነ ልቦና ችግር ያለባቸው ሰዎች ያለ ሥነ ምግብ ባለሙያ ክትትል ሙሉውን ክልከላ መጀመር የለባቸውም። ኢንሱሊን የሚወስዱ የስኳር ሕመምተኞችም ምግባቸው ሲለወጥ ክትትል ያሻቸዋል። ጥራጥሬ ዋነኛ የፕሮቲን ምንጩ ለሆነና በሥጋና በእንቁላል ለመተካት አቅም ለሌለው ቤተሰብ ሁሉንም ማስቀረት ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል። ለእነዚህ ታካሚዎች የሚሻለው ቀለል ያለው መንገድ ነው፤ በመጀመሪያ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትን ብቻ ለጥቂት ሳምንታት መቀነስ፣ ጥራጥሬውን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ ውጤቱንም ማየት ነው።

ባለሙያው የታካሚውን መድኃኒትም ማየት አለበት። ለሆድ ድርቀት የሚታዘዘው ላክቱሎስ ራሱ ፎድማፕ ሲሆን፣ አንዳንድ ሽሮፖችም ሶርቢቶል ይይዛሉ። ምግቡ ተስተካክሎ የሆድ መነፋቱ ያልቀነሰለት ታካሚ ምክንያቱ በመድኃኒት ከረጢቱ ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

ማጠቃለያ

ዝቅተኛ የፎድማፕ አመጋገብ ሕመምን የሚያስታግስ እንጂ በሽታን የሚፈውስ አይደለም። የሚጠቅመውም ምርመራው በትክክል ሲካሄድ፣ ክልከላው ሲያጥርና ምግቡ ሲመለስ ነው። ከባለሙያው የሚጠበቀው የታካሚውን ወጥ ቤት ማወቅ ነው፤ ቁሌቱ በምን እንደሚሠራ፣ እንጀራው ከምን እንደተቀላቀለ፣ በርበሬው ውስጥ ምን እንደተደለዘ፣ የሚጾም መሆን አለመሆኑን መጠየቅ ከረጅም የክልከላ ዝርዝር ይበልጣል። ምግብ የሚያበስለው ሌላ ሰው ከሆነም ምክሩ ለዚያ ሰው ጭምር ሊሰጥ ይገባል። ታካሚው ከጤና ተቋሙ ሲወጣ በእጁ መያዝ ያለበት የማይበላቸው ምግቦች ዝርዝር ብቻ ሳይሆን፣ ዛሬ ማታ በቤቱ ምን እንደሚበላና መቼ ተመልሶ እንደሚመጣ የሚገልጽ ወረቀት ነው።